ቻትቦቱ የማንን ካርድ ነው የያዘው?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለ ሳልና ስለ ተቅማጥ ብቻ አይደሉም። «ዶክተር፣ ክሊኒካችሁ የጀመረው በስልክ የሚመዘግበው ነገር ምንድን ነው? የልጄን ነገር ብነግረው ለማን ነው የሚያወራው?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይህንኑ ደጋግሜ ስጠይቅ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ነገሩ እንዴት እንደተሠራ፣ የት ላይ እንዳስደነገጠንና ምን እንደማይሠራ ላጫውታችሁ። ረዘም ይላል፤ ልጆቹን አስተኝታችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ለምን አስፈለገ? ሰልፉን ስለምታውቁት ብዙ አልልም። ሰኞ ጠዋት በካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ለክትባት የመጣ የ6 ሳምንት ሕፃን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል ካደረ የ3 ዓመት ልጅ ጎን ይቆማል። ለሕፃናት ሐኪም ይህ ሰልፍ የመመላለስና የመሰልቸት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኩፍኝ ቫይረስ የታመመው ልጅ ክፍሉን ለቆ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት ድረስ አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት ደግሞ የሚሰጠው በ9 ወር ነው። ከዚያ በታች ያለው ሕፃን በዚያ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ባዶ እጁን ነው የቆመው። እናቲቱ ቤቷ ሆና ተመዝግባ፣ ሰዓቷ ሲደርስ መጥታ በቀጥታ ወደ ክትባት ክፍል ብትገባ ስንት ነገር እናተርፋለን ብዬ ነው የተነሳሁት።

የእህቴ ልጅ ፕሮግራመር ነው። ጠራሁትና የምፈልገውን ነገርኩት። ምዝገባ፣ ቀጠሮ፣ የክትባት ቀን ማስታወሻ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ አገልግሎቶቹን ማስመዝገብ አለብን» አለኝ። እኔ እናንተን ስለመመዝገብ የሚያወራ መስሎኝ ስለ ስምና ስለ ስልክ ቁጥር ማስረዳት ቀጠልኩ። እሱ ደግሞ ትዕግሥተኛ ልጅ ስለሆነ ዝም ብሎ ሰማኝ። ለካ በእነሱ ሙያ «የአገልግሎት ምዝገባ» የሚባለው ሌላ ነገር ነው።

እኔ በገባኝ መጠን እንዲህ ነው። ክሊኒክ ጠዋት ከመከፈቱ በፊት ዋና ነርሷ ዛሬ ምን እንዳለ ትናገራለች፤ ላቦራቶሪ አለ፣ የክትባት ክፍል አለ፣ አልትራሳውንድ ዛሬ የለም። ሐኪሙ ምርመራ ሲያዝ በሽተኛውን ወዴት እንደሚልከው የሚያውቀው በዚህ ነው። ላቦራቶሪ በሌለበት የደም ምርመራ ቢያዝ በሽተኛው ወረቀት ይዞ ይንከራተታል። ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው። ሥራ ሲጀምር «ቀጠሮ የሚይዘው ይህ ክፍል ነው፣ ቀን የሚቆጥረው ያ ነው፣ መዝገብ የሚጽፈው ይኸኛው ነው» ተብሎ በስም ይመዘገብለታል። ያልተመዘገበ ክፍል ሲጠራ ፕሮግራሙ የለም ብሎ እዚያው ይቆማል።

እስከዚህ ቀላል ነው። ቁም ነገሩ ያለው ቀጥሎ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ሲመዘገብ ዕድሜው አብሮ ይወሰናል። እኛ በተጠቀምንበት ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር በሚባለው የማይክሮሶፍት መሥሪያ ሦስት ዓይነት ዕድሜ አለ። አንዱ ፕሮግራሙ ከተነሳ ጀምሮ እስኪዘጋ ለሁሉም ሰው አንድ ሆኖ የሚቆይ ነው፤ በመጠባበቂያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ እንዳለው ሰዓት። ሁሉም ያየዋል፣ የማንም አይደለም። ሁለተኛው ለአንድ ጉብኝት ብቻ የሚወጣ ነው፤ እንደ ካርድ። ስትመጡ ይወጣል፣ ይጻፍበታል፣ ስትሄዱ ይመለሳል፣ ለሚቀጥለው በሽተኛ የራሱ ካርድ ይወጣል። ሦስተኛው በተፈለገ ቁጥር አዲስ የሚሰጥ ነው፤ እንደ ጓንት።

ጓንት ለሁሉም በሽተኛ አንድ ቢሆን ምን እንደሚፈጠር ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ካርድስ?

ለወላጆች ከመክፈታችን በፊት አንድ ሳምንት ሠራተኞቻችን ብቻ እንዲሞክሩት ወሰንን። ልጁ ራሱ ቀድሞ በገዛ ስልኩ ደጋግሞ ሞክሮት እንከን አላገኘበትም ነበር። እኔ ግን ሁለት ሲስተሮችን በምሳ ሰዓት ጎን ለጎን አስቀምጬ በየስልካቸው በአንድ ጊዜ እንዲመዘግቡ ጠየቅኳቸው፤ ሰኞ ጠዋት የሚሆነው እንደዚያ ስለሆነ ነው። አንደኛዋ የ6 ዓመት ልጅ አስመዘገበች፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ብላ። ሌላዋ የ4 ወር ሕፃን አስመዘገበች፤ ምንም አለርጂ የለውም ብላ። ሁለቱም ጨረሱ። የመጀመሪያዋ ስልኳን ወደኔ አዞረችው። የ6 ዓመቱ ልጅ ስም ሥር «ዕድሜ 4 ወር፣ የመድኃኒት አለርጂ የለም» ይላል።

ምሳዬን አልጨረስኩም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ልጅ ካርዱ ላይ «የለም» ተብሎ ቢጻፍና አሞክሳሲሊን ቢታዘዝለት ምን ሊደርስ እንደሚችል የምታውቁ ታውቃላችሁ። አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ወገን ነው። ብዙ ጊዜ ሽፍታ ብቻ ይሆናል፤ አንዳንዴ ግን ጉሮሮ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። በደቂቃዎች ውስጥ።

ልጁ መጣ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ወላጅ የሚመልሰውን የሚይዘው ክፍል እንደ ግድግዳው ሰዓት ነበር የተመዘገበው፤ ለሁሉም አንድ። ከናሙና ላይ ሲቀዳ እንዲያ ሆኖ መጥቷል። አንድ ሰው ብቻ ሲጠቀም ምንም አይታይም፣ ሁሉም ልክ ይመስላል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ ሁለቱም አንድ ካርድ ላይ ይጽፋሉ፣ የኋለኛው የፊተኛውን ይሰርዛል። ለዚህ ነው ብቻውን ሲሞክረው ያላየው።

አስተካከለው፤ ካርዱን ለየጉብኝቱ አዲስ እንዲሆን አድርጎ አስመዘገበው። ሲስተሮቹን እንደገና አስቀመጥን። ያው ሆነ!

ይህ ሁለተኛው ነው ይበልጥ የገረመኝ። ካርዱ አሁን ለየሰው ለየብቻ ነው። ነገር ግን ካርዱን ተቀብሎ ከወላጅ ጋር የሚነጋገረው ክፍል ገና ለሁሉም አንድ ሆኖ ነበር የተመዘገበው። እሱ ደግሞ ጠዋት የመጀመሪያዋ እናት ስትመጣ የተሰጠውን ካርድ ጨብጦ አልለቅም ብሏል። ካርድ ክፍል ያለች ሠራተኛ የመጀመሪያውን በሽተኛ ካርድ በእጇ እንደያዘች ቀኑን ሙሉ የሁሉንም ነገር እዚያው ላይ ስትጽፍ አስቡት። ረጅም ዕድሜ ያለው አጭር ዕድሜ ያለውን ከያዘው፣ አጭሩም ከረጅሙ ጋር ዕድሜው ይረዝማል ማለት ነው። መሥሪያው ይህን ዓይነት ስህተት አውቆ የሚያስጠነቅቅበት መንገድ አለው። ግን ካልተለወጠ በስተቀር የሚያጣራው ፕሮግራሙ «በግንባታ ላይ ነኝ» በሚለው ሁኔታ ሲሠራ ነው፤ እኛ የሞከርነው ደግሞ ለወላጆች ሊከፈት በተዘጋጀው ላይ ነበር። አሁን ማጣሪያው ሁልጊዜ እንዲሠራ ተደርጓል፤ አነጋጋሪው ክፍልም ለየጉብኝቱ አዲስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሲስተሮቹን ለሦስተኛ ጊዜ፣ ከዚያ አምስት ሆነው፣ ከዚያ የጥበቃውን ስልክ ጨምረን ሞከርነው። እያንዳንዱ የራሱን አገኘ።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ፕሮግራመር እንድትሆኑ አይደለም። የትኛውም ክሊኒክ በስልክ ተመዝገቡ ሲላችሁ መጨረሻ ላይ የሚወጣውን ማጠቃለያ አንድ በአንድ አንብቡት። የልጁ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ አለርጂው። እኛም ጋ ቢሆን። እኔ ደግሞ መድኃኒት ከማዘዜ በፊት ቻትቦቱ ምንም ይበል ምን አለርጂውን ከአፋችሁ እጠይቃለሁ። «ዶክተር፣ ስልኩ ላይ ጽፌዋለሁ እኮ!» እያላችሁ አትቆጡኝ።

መብራት ነገርም ነበረብን። በመጀመሪያው አሠራር መልሳችሁ በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ትውስታ ውስጥ ብቻ ይቀመጥ ስለነበር መብራት ጠፍቶ ሲነሳ ሁሉም ይረሳል። አሁን በእያንዳንዱ መልስ ካርዱ ከመዝገብ ቤቱ ይወጣል፣ ይጻፍበታል፣ ወዲያው ይመለሳል። ኔትወርክ ቢቋረጥባችሁ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።

ቀንና ሰዓት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከውጭ የመጣው ቅጽ 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። ጳጉሜ 3 የተወለደችውን ልጅ የት እናስገባት? አንዷ እናት ነሐሴ 30 ብላ ትሞላለች፣ ሌላዋ መስከረም 1። ዓመቱ ደግሞ ይብሳል። በ2017 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ 2017 ተብሎ ቢያዝ ሳያስበው 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃል። ይህ የወረቀት ስህተት ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅኩ። ነገር ግን ፈጣን አተነፋፈስ የሚባለው በዕድሜ ነው የሚለየው። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ነው። ዕድሜው ከተሳሳተ ፍርዱም ይሳሳታል። ስለዚህ ቻትቦቱ የልደት ቀኑን በኛ አቆጣጠር ከጳጉሜ ጋር ይጠይቃል፣ ቀጥሎም «ልጁ አሁን ስንት ወሩ ነው?» ይላል። ሁለቱ ካልተስማሙ መልሶ ይጠይቃችኋል። ደጋግሞ ጠየቀን ብላችሁ የተማረራችሁ፣ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሰዓቱም ያው ነው፤ «3 ሰዓት» ለእኛ ጠዋት ነው፣ ለማሽኑ ሌሊት ወይም ከሰዓት በኋላ። ቀጠሯችሁ «ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ ነው የሚላክላችሁ።

ስለ ስም አንድ ነገር ብቻ። ጸሐይ፣ ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ፀሃይ፤ ለእናንተ አንዲት ልጅ ናት፣ ለኮምፒውተር አራት። አንዱ ልጅ ሁለት ካርድ ካለው የክትባቱ ታሪክ ለሁለት ይከፈላል። አሁን እናንተ እንደጻፋችሁት ይቀመጣል፣ ሲፈለግ ግን ሞክሼ ፊደላቱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ስም ያልወጣለት ሕፃንም ይመዘገባል። የመጀመሪያው ክትባት እንደተወለደ ነው የሚሰጠው፤ ብዙ ሕፃን ያን ጊዜ ስም የለውም። ባዶ ሲሆን አልቀበልም የሚለውን ቅጽ አስወጥተን «የእናት ስም ልጅ» የሚለውን አስገብተናል። የካርድ ክፍላችን እናት ለዓመታት በእጇ ስትሠራበት የኖረችው ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከፕሮግራመሩ ጋር አንድ ጊዜ ጠንከር ያለ ክርክር ያደረግነው በዚህ ነው። እሱ በመጀመሪያ ስም እንዲጠየቅ ፈለገ፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው፣ ሰው መጀመሪያ ይመዘገባል አለ። እኔ አይሆንም አልኩ። ቀጠሮ የሚሰጥ ማሽን ትልቁ አደጋው ቀጠሮ መስጠቱ ነው። ራሱን የሳተ ልጅ የያዘች እናት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብትጽፍለት በትሕትና «ለሐሙስ ጠዋት ይዘንልዎታል» ይላታል። እሷም ተመዘገብኩ ብላ ትጠብቃለች። ወረቀት የያዘ ሰው ልቡ ያርፋል። ልጁ ግን ሐሙስን ላያይ ይችላል።

ስለዚህ ከስም በፊት፣ ከስልክ ቁጥር በፊት እነዚህን ይጠይቃል። ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት አቅቶታል? የወሰደውን ሁሉ ያስታውካል? አንቀጥቅጦታል? ራሱን ስቷል ወይም በጣም ዝሎ አልነቃ ብሏል? ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? ከ2 ወር በታች ከሆነ ደግሞ ትኩሳት አለው፣ ወይስ ሰውነቱ ቀዝቅዟል? በዚህ ዕድሜ በብብት ተለክቶ 37.5ና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ ለብቻው በቂ ምክንያት ነው። ከእነዚህ አንዱን እንኳ «አዎ» ካላችሁ ምዝገባው እዚያው ይቆማል። ቀጠሮ የሚባል አይሰጣችሁም። «አሁኑኑ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይሂዱ» ይላል፣ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ 907 እና የአዲስ አበባ እሳትና አደጋን 939 ያሳያል። የእኛን ክሊኒክ ስም እንኳ አይጠራም፤ የሚቀርባችሁ ነው የሚሻለው።

ይህ ክፍል ለብቻው ነው የተመዘገበው። በሌላ በማንም ላይ አይደገፍም። መዝገብ ቤቱ ቢበላሽ፣ የቀጠሮው ክፍል ባይነሳ፣ ጥያቄዎቹ ግን ይወጣሉ። እነዚህንና ሌሎቹንም መልሶች የሚጽፈው አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ አይደለም፤ አንድ በአንድ የጻፍናቸው ናቸው። ልጁ «ጋሼ፣ እንደ ሰው የሚያወራ እናድርገው?» ብሎኝ ነበር። በአሁኑ ጊዜ ያሉት እንደ ሰው ያወራሉ፣ እውነት ነው። ችግሩ ያላወቁትንም በዚያው እርግጠኛነት ያወራሉ። ስለ ትኩሳት መድኃኒት መጠን ቢጠየቅና ቁጥር ቢፈጥር ማን ያየዋል?

ሌላም ምክንያት አለኝ። የመጀመሪያው ታዋቂ ቻትቦት ኤላይዛ ይባላል፤ የኤምአይቲው ጆሴፍ ዋይዘንባውም በ1966 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያስተዋወቀው። የሚሠራው ነገር ቢኖር ሰው የጻፈውን እየገለበጠ መልሶ መጠየቅ ነበር። ሆኖም ሰዎች የልባቸውን ይነግሩት ጀመር። የራሱ ጸሐፊ፣ ማሽን መሆኑን እያወቀች፣ ከኤላይዛ ጋር ስትጻጻፍ እሱ ከክፍሉ እንዲወጣላት እንደጠየቀችው ጽፏል። በእኛም ሙከራ ጊዜ «ሌላ መናገር የሚፈልጉት ካለ» የሚል ክፍት ቦታ ነበር። አንዲት ሠራተኛችን ከወለደች ወዲህ እንቅልፍ እንደራቃት፣ ልጇን ስታይ እንደሚያስለቅሳት ጽፋበት አገኘን። ጎኗ ላለነው አልነገረችንም፤ ለማሽኑ ነገረችው። ማሽኑ ደግሞ «እናመሰግናለን፣ መረጃዎ ተመዝግቧል» አላት።

ክፍት ቦታውን አጠፋነው። በምትኩ ለወለዱ እናቶች «ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሐዘን፣ ለቅሶ ወይም እንቅልፍ ማጣት አለ?» የሚል ጥያቄ ገባ፤ «ራስዎን ወይም ልጅዎን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብዎታል?» የሚለውም ተከተለ። ለመጀመሪያው «አዎ» ካሉ በማግስቱ ሲስተር ራሷ ትደውላለች፣ በድምፅ። ለሁለተኛው «አዎ» ካሉ ግን እንደ አደገኛ ምልክቶቹ ነው፤ ማግስቱ አይጠበቅም።

ስለ ምሥጢራችሁ ደግሞ። በብዙ ቤት አንድ ስልክ ለቤተሰቡ ሁሉ ነው፤ የቀጠሮ መልእክት ሲገባ ባልም አማትም ጎረቤትም ሊያየው ይችላል። ስለዚህ መልእክቱ ቀንና ሰዓት ብቻ ነው የሚለው፤ ለምን እንደምትመጡ አይጽፍም። የላቦራቶሪ ውጤት በዚህ መንገድ አንልክም፣ ሠራተኛ ብትጠይቁም አይላክም። የጤና መረጃ በየግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ ከተሰጣቸው መረጃዎች አንዱ ነው። የመዝገብ ቤቱ መክፈቻ ቁልፍ እናንተ በምትከፍቱት ገጽ ላይ አይቀመጥም፣ ክሊኒኩ ጋ ባለው ኮምፒውተር ብቻ ነው። መታወቂያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ የልጁን ፎቶ አንጠይቅም። በእኛ ስም እነዚህን የሚጠይቅ ነገር ከገጠማችሁ እኛ አይደለንም፤ ደውላችሁ ንገሩን።

መስኮቱ አልተዘጋም። ማንበብ የማይችሉ፣ ስማርት ስልክ የሌላቸው፣ ወይም «እኔ ከማሽን ጋር አላወራም» የሚሉ አያቶች እንደ ድሮው ይመጣሉ፤ የካርድ ክፍላችን እናትም እዚያው ናት። ለክትባት የሚመጡ ሕፃናት መግቢያ ግን በጓሮ በኩል ሆኗል፤ በስልክ ብትመዘገቡም ባትመዘገቡም በዚያ በኩል ግቡ። በአፋን ኦሮሞ የሚጠይቀው ገና እየተሞከረ ነው፤ የአደገኛ ምልክቶቹን አገላለጽ እናቶች ራሳቸው በሚሉት ቃል እስክናገኘው ድረስ አንከፍተውም። እስከዚያው በአፋን ኦሮሞ መመዝገብ የምትፈልጉ በሥራ ሰዓት ደውሉ፤ ሲስተር ትመዘግባችኋለች።